ፈተናው እስኪያልቅ

ናኦድ መዋሸት አይችልበትም ነበር። የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ያልተጠየቀውን ይዘባርቃል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ክፍል አብሮት የሚያድረውን ጓደኛውን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዋሸው ቢባል ማን ያምናል? ግን ዋሸው። ያውም አሳምሮ! እኔ ልፍረድበት ብል አፌ እሺ አይለኝም፤ እናንተ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ሀርጌሳ ነው። ናኦድና ባንተአምላክ የሲቪል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ናኦድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አባቱ በበርበራ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዳ ሀርጌሳን ለምዷት ነበርና "እዚያ ተማር፣ እንግሊዝኛህም ይቃናል" ብሎ ላከው። ባንተአምላክ ግን የቆቦ ልጅ ነው፤ የመጣውም ለትምህርት ሳይሆን ሲሚንቶ ሊያቦካ ነው። ሁለት ዓመት ብሎኬት ሲሸከም ቆይቶ፣ ከሥራ መልስ ሶማሊኛውንም እንግሊዝኛውንም አጥንቶ፣ የመግቢያ ፈተናውን አለፈ። ያኔም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ሕንፃ ላይ ይውልና ከሰዓት በኋላ ሱሪውን አራግፎ ክፍል ይገባል። አንደኛ የሚወጣው ግን እሱ ነው። ናኦድን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እየጎተተ ያሻገረውም እሱ ነው።

የሚኖሩት አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር፣ ሙልኪ የምትባል ደግ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። ኑሯቸው የተማሪ ኑሮ ነው፤ ጠዋት ሻሂ በዳቦ፣ ቀን ሩዝ በሙዝ፣ ማታ ከቀኑ የተረፈ ሩዝ። ባርኮ የሚያርድላቸው ክርስቲያን የለምና ሥጋ የሚባል ነገር አይነኩም። "እኛ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነን፤ በቀጥታ ነው የምንጸድቀው" ይል ነበር ባንተአምላክ፣ ሙዙን እየላጠ። ቀልድ ያውቅ ነበር ያኔ።

ከሐምሌ ወዲህ ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋ። ጦርነቱ ወደ ቆቦ ገባ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ እናቱ እትዬ እፀገነትና ታናሽ እህቱ አምለሰት እዚያው ቀሩ። ሌላ ልጅ የላቸውም፤ አባት ከሞተ ቆይቷል። ባንተአምላክ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ የእናቱን ቁጥር ይደውላል። ስልኩ ዝግ ነው ወይም ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው ትለዋለች ያቺ ሴትዮ። እስከ መጨረሻው ያዳምጣታል። ከዚያ እጁን ይታጠባል።

"ትምህርቱን ተወውና ፈልጋት የሚል ነገር ልቤ ውስጥ አለ" አለ አንድ ቀን ለናኦድ። "ግን የት ብዬ? ገብቼስ እወጣለሁ? ያለችበትን ባውቅ እኮ በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር።"

ይህን ቃል ናኦድ በጆሮው ሰምቶታል። አልሰማሁም ማለት አይችልም።

የመጨረሻው ፈተና ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ናኦድ ከላይብረሪ ወጥቶ ባጃጅ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

"ናኦድ ነህ ልጄ? ይመር እባላለሁ፣ የባንተአምላክ አጎት ነኝ። ቁጥርህን ከአባትህ ነው ያገኘሁት።"

ባለቤቱ እያለ ጓደኛው ከተፈለገ ነገሩ ምን ዓይነት እንደሆነ የማያውቅ የኛ ሰው የለም። "ሞቱ?" ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

"ሰላም ነው ጋሼ?"

"ሰላምስ የት አለ ብለህ! እፀገነትን ይዘናት ወጥተናል። በእግር፣ በአህያ፣ ከዚያ በአይሱዙ፤ ይኸው አሁን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ነን። ስኳር እንዳለባት ታውቃለህ። አራት ወር ሙሉ መድኃኒት የሚባል አላየችም፤ መንገዱ ደግሞ እግሯን አቆሰላት፣ ቁስሉም ሽቅብ እየወጣ ነው። ሐኪሞቹ ቶሎ ይቆረጥ ይላሉ። እሷ ደግሞ ልጄን ሳላይ ማንም እንዳይነካኝ ብላ ድርቅ አለች። እህቷን የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ስትሞት አይታለችና ፈርታለች። ልጄ፣ በዘዴ ንገረውና ላክልን። እኔ በስልክ ዱብ ባደርግበት መንገድ ላይ አንድ ነገር ይሆንብኛል።"

"እሺ ጋሼ፤ አይዞዎት" አለ ናኦድ። ሲናገር ከልቡ ነበር።

ባጃጁ መጣ። ወደ አሕመድ ዳጋህ በል ሊለው አስቦ፣ ዳሚ ሰፈር አለው።

ዳሚ እትዬ ወለተማርያም አሉ። አሥራ አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርተው ያረጁ ሴት ናቸው። ሀርጌሳ ያለው ኢትዮጵያዊ ሲታመምም፣ ሲጣላም፣ መርዶ ሲመጣም የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ናኦድ ገብቶ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸው የሚለቅሙትን ምስር አስቀምጠው አዳመጡት።

"ፈተናው መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉ።

"የሳምንቱ እሑድ። አሥራ አንድ ቀን።"

"ታዲያ ምን ትቸኩላለህ? እሷ ሐኪም ቤት ገብታለች፣ ሰው አጠገቧ አለ፣ መድኃኒት አግኝታለች። እሱ አሁን ቢነሳ ይኼ ሁሉ ድካሙ ውኃ በላው ማለት ነው። መንገዱስ? የጎረምሳ መሄጃ ጊዜ ነው እንዴ ይሄ? ይጨርስ ልጄ። ይጨርስና ዲግሪውን ይዞላት ይሂድ፤ እሷም ደስ ይላታል።" ምስሩን መልሰው እያነሱ ጨመሩ፣ "እኔ የእናቴን ሞት በስምንተኛው ወር ነው የሰማሁት። ሁሉም ያውቁ ነበር። አልተቀየምኳቸውም።"

የኛ ነገር እንዲህ ነው። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ፣ አልቅሶ፣ ተማክሮ፣ ቀን ቆርጦ ሲያበቃ ነው ባለቤቱ የሚነገረው። ተማሪ ከሆነ ፈተናው ይጠበቃል፣ አራስ ከሆነች አርባው ይጠበቃል። ይህም ፍቅር ነው፤ ማንም በክፋት አያደርገውም። ናኦድም እትዬ ወለተማርያም ያሉትን ሲሰማ ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት መሰለው።

ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሌላም ነገር ነበር። ቅዳሜ የመጀመሪያው ፈተና ስትራክቸር የሚባለው የሕንፃ ስሌት ነው። ናኦድ ስትራክቸር አይገባውም። ባንተአምላክ ዛሬና ነገ ሊያስረዳው ቃል ገብቶለታል። ይህ ነገር ዳሚ ሲሄድም፣ ከዳሚ ሲመለስም ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ራሱን እንኳ አላስነካውም እንጂ። እፍረት ነው! በኋላ ግን ራሱ ነው የተናገረው።

ሐሙስ ዕለት ዳሂር ነቃበት። ዳሂር የክፍል ጓደኛቸው ነው። የሀርጌሳ ልጅ ይሁን እንጂ ያደገው ጅጅጋ ስለሆነ አማርኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል። ካፍቴሪያ ቁጭ ብለው ናኦድ ሻሂውን ሳይነካ ሲያቀዘቅዘው አየና "ምን ሆነሃል?" አለው። ናኦድም ነገረው። አንዱን መዋሸት ራሱ ከብዶታልና ከሌላው መደበቅ አቃተው።

ዳሂር ጆሮውን አላመነም።

"እናቱ በሕይወት አሉ፣ ያሉበት ታውቋል፣ ልጄን አምጡልኝ ብለዋል፣ አንተ ደግሞ ይዘህ ቁጭ ብለሃል? ወላሂ ናኦድ፣ አብደሃል!"

"ፈተናው…"

"ፈተናው ምን? እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም በዚያው ሰዓት ይነገራል። ሲሞትም በዚያው ሰዓት። እናት እኮ ናት! ስማኝ፣ የአጎቴ ልጅ ዋርሳሜ ነገ ጠዋት ወደ ድንበሩ፣ ወደ ወጃሌ ይነዳል። እኔ እነግርልሃለሁ። ነገ ማታ ጅጅጋ፣ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ፣ እሑድ እናቱ ጋ ነው።"

"እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደለም" አለ ናኦድ። "ትልልቅ ሰዎች ተማክረውበታል። አደራ ዳሂር፣ በእናትህ፣ እንዳትነግረው። ከነገርከው ምን ያደርጋል መሰለህ? መንገድ ላይ ይሞታል።"

ዳሂር ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ ግን የሰው አገር ልማድ ነው ብሎ እጁን አነሳ። "እሺ፤ የናንተ ነገር የናንተ ነው። ግን ልክ አይደለም። ልክ እንዳልሆነ ነግሬሃለሁ" አለና ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንተአምላክ ባለበት አይቀመጥም ነበር።

ቅዳሜ ስትራክቸር አለፈ። ናኦድ ሠርቶ ወጣ፤ ባንተአምላክ ሁለት ቀን አስረድቶታልና። ገና ከአዳራሹ ሳይርቅ ጋሽ ይመር ደወሉ።

"ተነሳ ወይ ልጄ? ትጠይቀኛለች፣ ምን ልበላት?"

ናኦድ ምን ይበል? አልነገርኩትም ቢል ሽማግሌው ይቆጡታል፤ ራሳቸው ደውለው ይነግሩታል። "ነግሬዋለሁ ጋሼ" አለ። አላንተባተበም፤ ድምፁም አልተለወጠበትም። "የመጨረሻ ፈተናው ላይ ነው። የሳምንቱ እሑድ ይጨርስና ሰኞ ይነሳል።"

"ነግረኸው ነው እንዲህ ያለው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲህ ምን ይደረግ" አሉ ጋሽ ይመር፤ ስልኩም ተዘጋ።

ማክሰኞ ደግሞ ደወሉ። አሁን የከፋ ጥያቄ ይዘው ነበር። "ድምፁን ልስማ ብላለች፤ ለእሱ ብንደውል አይገባልንም። አንድ ደቂቃ ብቻ አገናኘን።"

ናኦድ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ባንተአምላክ ፍራሹ ላይ በደረቱ ተኝቶ ያጠናል፣ የጠዋቱ አቧራ ፀጉሩ ላይ አለ። ሦስት እርምጃ ቢራመድ፣ ስልኩን ቢዘረጋለት፣ አለቀ። ናኦድ አንዱን እርምጃ ተራምዷል። ግን እናትየዋ ሲያለቅሱ ሲሰማ፣ "ነግረንህ ቀረህ ወይ" ሲሉት፣ ባንተአምላክም ዞሮ ሲያየው ታሰበው። ውሸቱ ስድስት ቀን አድጓል፤ አሁን ገበናው ሊወጣ ነው። ፈራ። እዚህ ላይ እንግዲህ ፈተናም፣ ልማድም፣ እትዬ ወለተማርያምም የሉበትም፤ ፈርቶ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ እሱ ትምህርት ቤት ነው። ስልኩም ተበላሽቶበታል" አለ።

ባንተአምላክ ከውስጥ ቀና ብሎ "ማነው?" አለው።

"አባቴ ነው።"

"ጋሼን ሰላም በልልኝ።"

በሳምንቱ ዓርብ ፈተና አልነበረም። ሁለቱም ልብስ ያጥባሉ። ሙልኪ ከጥላው ሆና "እንደ ሴት አሳምራችሁ ታጥባላችሁ" እያለች ትስቅባቸዋለች። ስልኩ ጮኸና ናኦድ እጁን በሱሪው ጠርጎ አነሳው። የጋሽ ይመር ድምፅ ሰልሏል።

"አረፈች" አሉ። "ሌሊት። ነገ እዚሁ እንቀብራታለን፤ ቆቦ መግቢያ የለም። እስኪጨርስ ጠብቁትና ሰው ሰብስባችሁ ንገሩት።"

ናኦድ "እሺ" ብቻ አለ። ባንተአምላክ ከገመዱ ላይ ሸሚዙን እየዘረጋ "ሰላም ነው?" አለው። ናኦድም "ሰላም ነው" ብሎ ወደ ሳፋው ጎንበስ አለ። የታጠበውን ካልሲ መልሶ አጠበው። ደግሞ አጠበው።

እሑድ የመጨረሻው ፈተና አለቀ። ባንተአምላክ ከአዳራሹ ሲወጣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ሐብሐብ ገዝቶ ሙልኪንም ጎረቤቱንም አበላ። ማታ ቦርሳውን አወረደና ልብሱን መክተት ጀመረ።

"እሄዳለሁ ናኦድ" አለ። "ስልኩን ስጠብቅ አልኖርም። ደብረ ብርሃንም፣ አዲስ አበባም ተፈናቃይ አለ ይባላል፤ በየመጠለያው እየዞርኩ እፈልጋታለሁ። አንዱ ጋ አጣታለሁ ብለህ ነው? ስታየኝ መጀመሪያ የምትለኝን እኮ አውቀዋለሁ፣ 'ከስተሃል' ነው የምትለኝ።"

ናኦድ እንቅልፍ እንደወሰደው ሆኖ ፊቱን ሸፈነ።

ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። ባንተአምላክ ነው የከፈተው። እትዬ ወለተማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው አለ፤ የሕንፃው ሠራተኞች፣ በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች፣ የእሑድ ጸሎት የሚያሰባስባቸው ሁሉ። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ብዛት፣ በዚህ አለባበስ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ ባንተአምላክ አላጣውም። ማንም ምንም ሳይለው "እናቴን!" ብሎ ጮኸና በጉልበቱ ወደቀ።

ሴቶቹ ተቀበሉት። ሙልኪ ከቤቷ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጥታ ነገሩ ሲገባት "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" እያለች ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዳሂርም መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ እንጂ ናኦድን ሰላም አላለውም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ባንተአምላክ ትንሽ ረጋ አለ። ወደ ክፍሉ አስገብተው ውኃ አጠጡት። "አምለሰትን አገናኙኝ" አለ። እንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም፤ እትዬ ወለተማርያም ለናኦድ በዓይናቸው ምልክት ሰጡትና የጋሽ ይመርን ቁጥር ደውሎ ሰጠው። ባንተአምላክ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው። ሁሉም ሰማ።

ያነሳችው አምለሰት ናት፤ ሁለቱ መጀመሪያ ተላቀሱ። ከዚያ ባንተአምላክ "ቆቦ ነው ያረፈችው? ማን ነበር አጠገቧ?" አላት።

"ቆቦ?" አለች አምለሰት። ድምፅዋ ተለወጠ። "ደብረ ብርሃን ነው እንጂ። ምን ነካህ? ደብረ ብርሃን መሆናችንን አልነገሩህም እንዴ? አሥር ቀን እኮ ተኛች። እግርሽ ይቆረጥ ሲሏት እምቢ፣ ልጄ ይምጣ አለች። ነግረነዋል፣ ፈተናውን ጨርሶ ይመጣል አላት ጋሽ ይመር። እንግዲያው እጠብቀዋለሁ አለች። ድምፁን እንኳ አሰሙኝ ስትል ስልክህ ተበላሽቷል አላችሁ። ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። 'ፈተናው በለጠብኝ?' አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ስምህን አላነሳችም። ለምን ቀረህ? ለምን ቀረህ ባንቴ?"

ባንተአምላክ ከስልኩ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ናኦድን መፈለግም አላስፈለገውም። ጆሮው ቀልቶ፣ አንገቱን ቀብሮ በሩ ሥር የተቀመጠው እሱ ብቻ ነበር።

"መቼ ነው የሰማኸው?"

"ረቡዕ" አለ ናኦድ። "ያለፈው ሳምንት ረቡዕ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው።"

ባንተአምላክ በጣቱ ቆጠረ። "ሦስት ቀን ይበቃኝ ነበር" አለ።

"እኔ ነኝ ልጄ፤ እኔ ነኝ ይጨርስ ያልኩት" አሉ እትዬ ወለተማርያም፣ ደረታቸውን እየመቱ።

ናኦድ ግን እንዲያመካኙለት አልፈለገም። "ስልኩን እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። እዚያ በር ላይ ቆሜ። ስትራክቸር እንድታስረዳኝም… ፈርቼም… ባንቴ፣ ግደለኝ!" እያለ መሬቱ ላይ ተዘረጋ።

ገላጋይ አላስፈለገም። ባንተአምላክ አልጮኸም፣ አልተነሳም፣ እጁንም አላነሳም። እህቱ በስልኩ ውስጥ "ሃሎ? ሃሎ ባንቴ?" ትላለች። እሱ ግን ናኦድን ነው የሚያየው። የምሩን ሊያውቅ እንደሚፈልግ ሰው፣ ረጋ ብሎ ጠየቀው።

"አሁን እንዳልሰማሁ ለእናቴ ማን ይነግርልኛል?"